ይጮኻል የተባለው ባሌስትራ

መኪና ልገዛ ወጥቼ ሳልገዛ የተመለስኩበትን እሑድ ላጫውታችሁ። ታሪኩን ሰምተው «አንተን ብሎ ነጋዴ» ያሉኝ አሉ፤ «ዕድለኛ ነህ» ያሉኝም አሉ። እናንተ እስከ መጨረሻው ስሙኝና የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ያኔ አርባ አንደኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ቶሮንቶ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው እምብዛም በማይርቅ ቤት፣ ቤዝመንት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ሥራዬ የሰው ጓሮ ማጠር ነው። የእንጨት አጥር እሠራለሁ፣ የእንጨት በረንዳ እሠራለሁ። የቶሮንቶ ሰው ብርዱን ሙሉ ጓሮውን ረስቶት ይከርምና ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም በአንድ ቀን ትዝ ይለዋል፤ በጋው ለእኔ ሩጫ ነው። በዚህ ሩጫ መሀል አሮጌው ፒክአፔ ካምቢዮው ተሰብሮ ሀይዌይ ላይ ቆመ። በቀጣዩ ሳምንት የምጀምረው ትልቅ ሥራ ነበረኝ፤ እንጨቱን በጀርባዬ አልሸከመው ነገር።

ሌላው አመሌ ካምፒንግ ነው። ከሥራ የተረፈችኝን ጊዜ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክዬ ማደር እወዳለሁ። ይህ ነገር ለጋሽ ወርቁ ፈጽሞ አይዋጥላቸውም። ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ የኖሩ፣ ኋላም በሱዳን በኩል ተሰደው ቶሮንቶ ቀድመው ከገቡት ሐበሾች አንዱ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው፤ ከአባቴ ቀጥሎ የምሰማው እሳቸውን ነው። «እኔ ከስደተኛ ካምፕ ለመውጣት ስንት ስለት ተስዬ» ይሉኛል። «አንተ ከፍለህ ትገባለህ?»

እንግዲህ የምፈልገው መኪና ሳምንቱን እንጨት የሚጎትት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጫካ የሚያሳድረኝ ነው። ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚችል የለም ቢባልም፣ መኪና ይችላል ብዬ ተነሣሁ። ምክር በሽ ነበር። አንዱ «ቀለል ያለው ይበቃሃል» ይላል፤ ቀለል ያለው ደግሞ ተሳቢ ሲቀጠልለት ኋላው ቁጢጥ ብሎ አፍንጫው ሰማይ ያያል። መካኒኩ ጓደኛዬ ሳምሶን «ናፍጣ ካልሆነ አትንካ» አለኝ። ጋሽ ወርቁ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉት፦ «ባዶውን ሲሄድ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። ጭነህ ዳገት አውጣውና ባሌስትራውን ስማ።» ባሌስትራ ማለት ከጎማው በላይ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ነው። ለጋሽ ወርቁ የመኪና ነፍስ ያለችው እሱ ላይ ነው።

ያን ሰሞን ሐበሾች በሚገበያዩበት ገጽ ላይ አንድ ፒክአፕ አየሁ። ናፍጣ ነው፣ አራት በር አለው፣ ጭነት ቦታው ረጅም ነው፣ ላዩ ላይ ሰው የሚተኛበት መሸፈኛ አለው፣ የተሳቢ መጎተቻው የተሟላ ነው። ዋጋውን ሳይ ስህተት መሰለኝ። ደወልኩ። የሽማግሌ ድምፅ፣ ያውም በሹክሹክታ፣ መለሰልኝ።

«መኪናው ደኅና ነው። እኔ ግን ከልጅ ጋር ዋጋ አልከራከርም፤ ትልቅ ሰው ይዘህ ና። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሬክስዴል ቤቴ። ስትደርሱ ከውጭ ኮል አድርጉልኝ፣ እኔ እወጣለሁ። በር አታንኳኩ።»

በሩ ለምን እንደማይንኳኳ አልጠየቅሁም። ዋጋው ጆሮዬን ደፍኖት ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሰው ክርስትና ነበረብንና ሦስታችንም ከዚያው በቀጥታ ሄድን። ጋሽ ወርቁ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። እኔና ሳምሶንም ሱፍ በሱፍ ነን። ቤቱ ደጃፍ መኪናው ቆሟል፤ ትልቅ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጎማው ላይ የደረቀ ጭቃ ያለበት፤ አጠገቡም ባዶ ተሳቢ አለ። ሳየው ልቤ ደስ አላት። ስልኬን አወጣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

«እንደተባባልነው ልደውልላቸው ነዋ።»

«ሰው ደጅ ቆሞ ስልክ? አሳዳጊ የበደለው ይሉሃል!» አሉና በከዘራቸው ጫፍ ደወሉን ተጫኑት።

በሩን የከፈቱት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ኋላ እንዳወቅሁት እትዬ አስካለ ይባላሉ። መጀመሪያ ነጠላውን አዩ፣ ከዚያ ከዘራውን፣ ከዚያ የሦስታችንን ከረባት በየተራ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ግቡ፣ ግቡ። ቤት ለእንግዳ። አረፍ በሉ።»

«የለም እመቤቴ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «መጀመሪያ ጉዳያችን ይሰማ፤ ከዚያ እንቀመጣለን።»

ይህ የጋሽ ወርቁ የቆየ የገበያ ደንብ ነው። የሰው ቤት ተቀምጠው ከቀመሱ ዋጋ መከራከር አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ ቆመው ነው የሚገዙት። ግን እስቲ ፍረዱ። ከረባት አስረው፣ ነጠላ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም የሚሉ ሰዎች በአገራችን ምን ሊሉ ይመጣሉ? ልጃችሁን ለልጃችን ሊሉ ነዋ! እትዬ አስካለ ቴሌቪዥኑን አጠፉ፣ የሶፋውን ልብስ አስተካከሉ፣ ወደ ፎቅ አንጋጠው ተጣሩ። «ትርሲት! ያንን ቱታ አውልቂና ቀሚስ ልበሽ! ቶሎ በይ!» ከዚያም ቀስ ብለው «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ሰማኸኝ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ እንዴት ያለ መንፈሳዊ ቤተሰብ ነው እያልኩ ነበር።

የቤቱ ጌታ ጋሽ ታፈሰ ከቤዝመንት ወጡ። ሳሎናቸው መሀል ቆመን ሲያዩን ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዲያው ትርሲት ከፎቅ ወረደች። ቀሚስ አልለበሰችም። ቱታዋ ሰም በሰም ሆኗል፣ ጸጉሯ በሻሽ ታስሯል።

«ማሚ፣ ዋትስ ጎይንግ ኦን?»

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኛ የመጣነው፣ ደጅ የቆመውን መኪና ልንገዛ ነው።»

ሳምሶን በክርኑ ጎሸመኝ።

«የምን መኪና?» አሉ እትዬ አስካለ። የደስታቸው ፊት ሲሟሽሽ ማየት ያሳዝን ነበር።

«ማይ ትራክ?» አለች ትርሲት። አባቷን አየች። «አባዬ?»

ጋሽ ታፈሰ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። መኪናውን ልጃቸው ሥራ ስትጀምር የገዙላት እሳቸው ናቸው፤ ወረቀቱም በስማቸው ነው። ሊሸጡት ያሰቡት ለሚስታቸውም ለልጃቸውም ሳይናገሩ ነበር። አሁን የሚያመልጡበት አልነበራቸውም።

«ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው» አሏት። «በጋውን ሙሉ ጫካ ገብተሽ መኪና ላይ ታድሪያለሽ። ማን አይቶሽ ያግባሽ? ዛፉ? ይህ መኪና ከዚህ ደጅ ካልሄደ ልጄ ትዳር አትይዝም ብዬ ነው። ክፉ አስቤ አይደለም።»

ትርሲት አልጮኸችም። ትንሽ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም የምትለው ይገባል። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ነህ የምትገዛው? ለምንድነው?»

«አጥር እሠራለሁ፤ እንጨት እጎትትበታለሁ። ደግሞ ካምፒንግ እወዳለሁ።»

«ሐበሻ ካምፒንግ? ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየችኝ። «ኦኬ» አለች። «ንብ አለኝ። ዛሬ ማሬን ከእርሻው ማምጣት አለብኝ፣ ነገ ዝናብ ነው። ስንሄድ እኔ እነዳለሁ። ስንመለስ አንተ፣ ተሳቢው ሙሉ ሆኖ። ከቻልክ ግዛው። የአባዬ ነው፣ እኔ ኖ አልልም።»

ያን ያለችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እትዬ አስካለ ልጃቸው ከማታውቀው ሰው ጋር ብቻዋን እንደማትሄድ ተናገሩ። ስለዚህ ጋሽ ታፈሰ ተነሡ፤ ጋሽ ወርቁም «ባሌስትራውን ሳልሰማ ወዴት!» ብለው ተከተሉ። ሳምሶን ወደ ልጆቹ ተመለሰ። ከበሩ ስንወጣ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ሥራህ አጥር ነው አልክ ልጄ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ደኅና ሥራ ነው» አሉኝ። ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አይደሉም።

ከከተማው ወጥተን ወደ ሰሜን ሄድን። ትርሲት ያን የሚያህል መኪና ከነባዶ ተሳቢው በሁለት ጣቷ ነው የምትነዳው። ሁለቱ አዛውንቶች ከኋላ ሆነው ስለ ሰርዶ በረሃና ስለ አሰብ ሙቀት ያወራሉ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ መኪናውን መረመርኩ ብል እዋሻለሁ።

እርሻው ጋ ስንደርስ ጋሽ ታፈሰ ከመኪናው ወርደው ቆመው ቀሩ። በረድፍ የተደረደሩ ቀፎዎች፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ፣ እስከ አጥሩ ድረስ። ልጃቸው ማር እንደምትሸጥ ያውቃሉ፤ ማሩን ግን የሚያውቁት በጠርሙስ ነው። ቦታውን አንድም ቀን መጥተው አላዩትም።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የኔ፣ አባዬ።»

«ማን አስተማረሽ?»

ትርሲት ግራ ተጋብታ አየቻቸው። «አንተ ነህ የነገርከኝ። ትንሽ ሆኜ፣ እንቅልፍ እምቢ ስል። ስለ አያቴ ቀፎ፣ ዳሞት፣ ዛፍ ላይ። ንቦቹን ያወራቸው ነበር ያልከው። አይ ሪሜምበር ኤቭሪቲንግ።»

ጋሽ ታፈሰ ኮታቸውን አውልቀው ለጋሽ ወርቁ ሰጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ትርሲት ጓንት ዘረጋችላቸው፤ አልተቀበሉም። ወደ ቢጫው ቀፎ ሄደው ክዳኑን ቀስ አድርገው አነሡና እፍ፣ እፍ አሉበት። በከንፈራቸው አንድ ነገር ያንሾካሹካሉ። ንብ እጃቸው ላይ ወጥታ ስትራመድ የልጅ ፊት ነበር የነበራቸው። ትርሲት አፏን ይዛ ቆመች። እኔም ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ፤ የሰው አባትና ልጅ ናቸው፣ እኔን ምን አገባኝ።

«ካልፈራችኋት አትናደፍም» አሉ ጋሽ ታፈሰ ወደ እኛ ዞረው።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ አንዷ መጥታ ላይኛው ከንፈሬ ላይ ነደፈችኝ። በሱፍና በከረባት በዚያ ሜዳ ላይ የሮጥኩትን ሩጫ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጋሽ ወርቁ ከሳቃቸው ብዛት ከዘራቸውን ጣሉ። ትርሲት አባርራ ያዘችኝና መንደፊያውን በጥፍሯ ነቅላ አወጣችልኝ። ፊቷ ፊቴ ላይ ነበር። የንብ ንድፊያ እንዲህ ልብ እንደሚያስመታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ማር የሞሉትን ሣጥኖች ስንጭን ጋሽ ታፈሰ የመኪናውን የኋላ በር ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። ልጃቸው የምታድርበት ነው። ፍራሽ፣ የተስተካከለ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ ምድጃ፣ አንድ ኩባያ።

«እዚህ ነው የምታድሪው?»

«አዎ። ሴፍ ነው፣ አባዬ። ገበሬው ቤቱ እዚያ ነው። ጠዋት ስነሣ ንቦቹን እሰማለሁ።»

በሩ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን አንጠልጥለው እስክንጨርስ ድረስ ሜዳውን ሲያዩ ቆዩ።

ስንመለስ መሪውን እኔ ያዝኩ። ከንፈሬ አብጦ ዳቦ አክሏል። እንግዲህ ስለ መኪናው እውነቱን ልንገራችሁ። እንዲህ ያለ ከባድ ፒክአፕ ባዶውን ያንገጫግጫል፤ ሲጫን ግን ረጋ ይላል። ያ ሁሉ ማር ከኋላዬ ተጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ድምፁን እንኳ አልቀየረም። ቁልቁለቱን ስወርድ ተሳቢው አልገፋኝም። ፍሬኑ ቅቤ ነው። ባሌስትራው ጭጭ። ከዚያ ሁሉ ምክርና ፍለጋ በኋላ የሚሆነኝን መኪና አገኘሁት። የሚሸጡት ባለቤቱ ናቸው፣ ዋጋው ይቻለኛል፣ ሥራዬም እየጠበቀኝ ነው። አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ጋሽ ታፈሰ ቁራሽ የማር እንጀራ ይዘው ጣታቸውን ይልሳሉ። ወደ ጎን አየሁ። ትርሲት በእጇ የመኪናውን ዳሽቦርድ ቀስ እያለች ትደባብሳለች። እየተሰናበተችው ነበር።

«እህስ ብርሃኑ» አሉ ጋሽ ወርቁ ከኋላ። «እንዴት ነው መኪናው?»

«አልወደድኩትም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

«ምኑን?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«ባሌስትራው ይጮኻል።»

«ዋት?» ትርሲት ቀና አለች። «ስፕሪንጉ? ባለፈው ወር ነው ያስቀየርኩት!»

«ፍሬኑም ወደ ቀኝ ይስባል።»

«አይስብም! አባዬ፣ አይስብም። ይሄ መኪና ፐርፌክት ነው!»

ሲያድኗት እንዲህ የምትታገል ሴት አይቼ አላውቅም። የቀረኝ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። የሰው ባሌስትራ ሲጮህ ከመንገድ ማዶ የሚሰሙ ሰው ናቸው፤ አሁን ያጋልጡኛል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው አገጫቸውን አስደገፉበት።

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ስሰማው ነው የመጣሁት። ክፉኛ ይጮኻል። አቶ ታፈሰ፣ ይህን መኪና የሚገዛ ሰው አያገኙም። አመሉን የለመደች እሷው ብትነዳው ነው የሚሻለው።»

ትርሲት ልትናገር አፏን ከፈተች። ያበጠውን ከንፈሬን አየች፤ ከዚያ ዓይኔን አየች። አፏን ዘጋችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስታለቅስ መሰለኝና ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር።

ጋሽ ታፈሰም መንገዱን አዳመጡ። መኪናው ጭጭ ብሎ ይሄዳል።

«ይጮኻል ነው ያላችሁት?»

«ይጮኻል።»

«አዎ» አሉ ጣታቸውን እየላሱ። «አሁን እኔም ሰማሁት።»

ሬክስዴል ስንደርስ እትዬ አስካለ ማዕድ አቅርበው ጠበቁን። የምንገዛው ነገር ስላልነበረ ጋሽ ወርቁ ያለ ሐሳብ ተቀመጡ፤ እኔም በአንድ በኩል ባለው ከንፈሬ በላሁ።

ከዚያ አንድ ቀለል ያለ የቤንዚን ፒክአፕ ገዛሁ፤ እንጨት ሲጫንበት እንደ ፈራሁት አፍንጫው ሰማይ የሚያይ። ያን ትልቅ ሥራ የምጀምር ዕለት ስልኬ ጠራ። «የሚጮህ መኪና ይፈለጋል?» አለች ትርሲት። እንጨቴን በሙሉ ጎተተችልኝ። በሳምንቱ የንብ ልብስ አስለብሳ ወደ ቀፎዎቿ ወሰደችኝ። የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

በቀጣዩ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ጋሽ ወርቁና ሳምሶን አንድ ሌላ ትልቅ ሰው ጨምረው ያንኑ በር አንኳኩ። እኔ እንደ ወጉ ቤቴ ሆኜ ጥፍሬን እበላለሁ። የሆነውን የነገረኝ ሳምሶን ነው። እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው የዚያኑ ቀን ሰዎች በዚያው ከረባት ሲያዩ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ አሉ።

«መኪናው አይሸጥም። ስንት ጊዜ ይነገራችሁ?»

«መጀመሪያ ጉዳያችን ይሰማ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ጉዳዩ ሲሰማ ሴትዮዋ ራሳቸው ናቸው መቀመጥ ያስፈለጋቸው። ጋሽ ታፈሰ ግን እንደ አባት ጠየቁ። «ይህ ልጅ ደኅናውን መኪና ይጮኻል ያለ ነው። ነገ ልጄንስ ምን ሊላት ነው?» ጋሽ ወርቁ መልሱን ተዘጋጅተውበት የመጡ ይመስል ነበር። «እሷስ ብትጮህም አልሰማሁም ይላል» አሏቸው። በዚያው ተፈቀደልኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ እሑድ በፊት ገበያ ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ተሸነፈ እል ነበር። አሁን አልልም። ከእኔ ይልቅ ግን የተለወጡት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ልጆች ያላችሁ ይህን እሳቸው የሚሉትን ስሙልኝ፦ ልጃችሁ የምትሄድበት ቦታ ካስፈራችሁ፣ መንገዱን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁ ሂዱ። ምናልባት የምትሄደው እናንተው ወደ ነገራችኋት ቦታ ይሆናል። እኔ ስለ ልጅ ገና ብዙ አላውቅም፤ የመጀመሪያችን ገና መራመድ እየጀመረች ነው። የጫካው ፍራሽ ላይ ግን ከእኛ ሁሉ ቀድማ የምትተኛው እሷ ናት።

በጋ በመጣ ቁጥር ሁላችንም ነን የምንሄደው። እትዬ አስካለ ድስታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጋሽ ወርቁ ተጣጣፊ ወንበራቸውን ድንኳኑ ደጃፍ ዘርግተው «በገዛ እግሬ ካምፕ ገባሁ፣ ጉድ እኮ ነው» ይላሉ፤ ወደ ቤት እንሂድ ሲባሉ ግን የሚያኮርፉት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ወር አንድ የማናውቀው ሐበሻ ሬክስዴል ቤቱ ደጃፍ ቆሞ መኪናውን ሲዞረው አየነው። ጎማውን ነካ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ፣ የሚሸጥ እንደሆነ ሊጠይቅ ወደ በሩ መጣ። እኔና ትርሲት ከመነሣታችን በፊት ጋሽ ታፈሰ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ወጡ።

«ተወው ልጄ፣ ለአንተ አይሆንም» አሉት። «ባሌስትራው ይጮኻል።»